ቀለሃውን ማን ያነበዋል?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በስልኬ ፎቶግራፍ ላከልኝ። በአንድ ሰው መዳፍ ላይ የተደረደሩ ሦስት ቀለሃዎች ናቸው። ከሥሩ «ይኸው ማስረጃው! ሩሲያ እያስታጠቀቻቸው ነው! ለሕዝብ አዳርስ!» የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል። «እያስታጠቀቻቸው» የተባሉት እነማን እንደሆኑ እዚህ አልጠቅስም። ምክንያቱም በማግስቱ ያንኑ ፎቶግራፍ፣ ያንኑ መዳፍ፣ የተከሰሰው ወገን በተራው ከሳሹን ለመክሰስ ሲያሰራጨው አይቼዋለሁና።

ምስሉን አጉልቼ ተመለከትኩት። በመካከለኛዋ ቀለሃ ግርጌ ከላይ 188፣ ከታች 86 የሚሉ ቁጥሮች ተቀርጸዋል። 188 በሶቪየት ኅብረት ዘመን የኖቮሲቢርስክ ጥይት ፋብሪካ መለያ ቁጥር ነው። 86 ደግሞ የምርት ዘመኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1986 ማለት ነው። ግርጌዋ ከንፈር ያለው መሆኑና ቁመቷ እንደሚያሳየው ጥይቷ 7.62 በ54 ሚሊ ሜትር የምትባለው፣ ፒኬኤም መትረየስ የሚጎርሳት ናት። እንግዲህ ይህች ጥይት ስትሠራ አገራችንን ያስተዳድር የነበረው ደርግ ነው። የሠራት መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1991 ፈርሷል። ከዚያ ወዲህ በስንት መጋዘን እንዳደረች፣ በስንት ዝናር እንደተሻገረች፣ በስንት ገበያ እንደተሸጠች ቀለሃዋ አትናገርም።

ይህንኑ ለወዳጄ ጻፍኩለት። የመለሰልኝ «አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ነገር ታወሳስባለህ» የሚል ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ መልስ ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው የሚያነብ ነው ወይስ ሳያነብ የሚያውጅ? እኛ ኢትዮጵያውያን በቀለሃ ላይ ሁለት በደል እንፈጽማለን ባይ ነኝ። በላዩ ላይ ያልተጻፈውን እናነባለን፤ የተጻፈውን ደግሞ ጠርገን እንጥላለን። የመጀመሪያው በደል ሕያዋንን ያፋጃል፤ ሁለተኛው ሙታንን ያለ ምስክር ያስቀራል።

ቀለሃ ምን ይናገራል?

አባቶቻችን ጥይትን በስሙ ያውቁት ነበር። የውጅግራ፣ የምንሽር፣ የለበን፣ የዲሞትፈር እያሉ ይለዩታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ጥይትን ያህል ነገር ከጨውና ከብር ጋር ዘርዝሮ የተገበያየ ሕዝብ ዛሬ ቀለሃ ማንበብ የማይችል መሆኑ ያስገርማል።

የተተኮሰ ቀለሃ ሦስት ዓይነት ቃል ይሰጣል። የመጀመሪያው የአካሉ ነው፤ የቁመቱ፣ የግርጌው ስፋት፣ ከናስ ወይም ከብረት መሠራቱ፣ በማቀጣጠያው ዙሪያ የተቀባው ቀለም። ይህ የትኛው ዓይነት መሣሪያ እንደሚጎርሰው ይነግረናል። ሁለተኛው በግርጌው የተቀረጸው ምልክት ነው፤ በአብዛኛው የፋብሪካውን መለያና የተሠራበትን ዘመን ይይዛል። ሦስተኛው የጠመንጃው መርፌ፣ የቀለሃ ማውጫውና የጎሬው ግድግዳ የሚተዉት ጭረት ነው። እሱ ከጣት አሻራ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለት ቀለሃዎች ከአንድ ጠመንጃ ወጥተው እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ለማመሳከር ያስችላል።

ሦስተኛውን ለማንበብ ላቦራቶሪና ባለሙያ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግን ማንኛውም የተማረ ሰው ማጣቀሻ ካገኘ ሊያነባቸው ይችላል። ማጣቀሻው ደግሞ አለ። ካርትዊን ፕሮን የመሳሰሉ የጥይት ማጣቀሻ ሶፍትዌሮች ልኬትና ምልክት ሲሰጧቸው የጥይቱን ማንነት ከመረጃ ቋታቸው አውጥተው ያቀርባሉ። የአውሮፓ የጥይት ተመራማሪዎች ማኅበርም የራሱ የልኬት መመልከቻ ፕሮግራም አለው። ልብ በሉ! ይህን ዕውቀት ለዓመታት ያጠራቀሙት ከመንግሥታት ይልቅ በአብዛኛው ጥይት እንደ ቴምብር የሚሰበስቡ ሰዎች ናቸው። መንግሥታት ምስጢር እያሉ የቆለፉትን፣ ሰብሳቢዎች በመለኪያና በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ መዝግበውታል። ዛሬ የወንጀል መርማሪውም፣ ፈንጂ አምካኙም፣ የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹም የእነሱ ባለዕዳ ነው።

«ታዲያ ለእኛ ምን ይረባናል? የሰው ሞት በቀለሃ ቁጥር ይለካል ወይ?» የሚል አይጠፋም። መልሴን ከሩቅ አገር ልጀምር።

የኤል ሞዞቴ 245 ቀለሃዎች

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1981 በኤል ሳልቫዶር፣ ኤል ሞዞቴ በተባለች መንደር የአገሪቱ ጦር ሠራዊት የአትላካትል ሻለቃ ወታደሮች ነዋሪውን ፈጁት። መንግሥት ካደ። ሠራዊቱን የሚረዳው የአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣናትም ጭፍጨፋ ለመፈጸሙ ማረጋገጫ የለም አሉ። በሕይወት ተርፋ የመሰከረችው ሴት ውሸታም ተባለች። አሥር ዓመት ሙሉ ቃል በቃል ላይ ሲከመር ኖረ፤ ባለሥልጣን ሲናገር የተጻፈለት፣ ገበሬ ሲናገር የተሳቀበት አሥር ዓመት።

እ.ኤ.አ. በ1992 መገባደጃ የአርጀንቲና የሥነ ሰብእ መርማሪዎች ቡድን በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የነበረችውን የፈረሰች ቤት ቆፈረ። የ143 ሰዎች አፅም ተገኘ፤ ከእነዚህ 131ዱ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ። ከአፅሙ ጋር ቀለሃ ተለቀመ። ከተመረመሩት 245 ቀለሃዎች በ184ቱ ላይ የግርጌው ምልክት ይነበብ ነበር። የተነበበው ምንድን ነው? በሚዙሪ ግዛት በሌክ ሲቲ ለአሜሪካ መንግሥት የተመረተ ጥይት መሆኑ ነው። ጭረታቸው ሳይጠፋ በደህና የቆዩት 34 ቀለሃዎች ተመርምረው ቢያንስ 24 ተኳሾች እንደነበሩ ተደረሰበት። ከተገኙት እርሳሶች ከአንዱ በቀር ሁሉም ከኤም 16 ጠመንጃ የወጡ መስለው ተገኙ። የተባበሩት መንግሥታት የእውነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን ሁሉ በዘገባው አሰፈረ።

«በውጊያ መካከል የሞቱ ታጣቂዎች ናቸው» የሚለው ተረት በዚያች ቀን ሞተ። የገደለው ንግግርም ሰልፍም ሳይሆን ለአሥር ዓመት ከአመድና ከአፈር በታች የቆየ፣ የሚያነበው ሰው ያገኘ ናስ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ስሬብሬኒጻ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ሺዎች ከተገደሉ በኋላ ገዳዮቹ አስከሬኑን ከመጀመሪያው ጉድጓድ እያወጡ ወደ ሌላ ጉድጓድ አዛወሩ፤ ወንጀሉን በመበተን ሊሰውሩት። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት መርማሪዎች ጉድጓዶቹን እርስ በርስ ያያያዙት በአፈሩ፣ በዓይን መሸፈኛው ጨርቅና በቀለሃዎቹ ነበር። በጄኔራል ክርስቲች ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 የተሰጠው ፍርድ ይህን ማስረጃ ተቀብሎታል። ገዳዩ አስከሬን ሲጭን ቀለሃውን አብሮ እየጫነ መሆኑን አላሰበም ነበር።

አንድ ቁጥር፣ ሁለት ፍርድ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የፈሰሰውን ደም ለማጣራት በመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን፣ 763 ሰዎች መቁሰላቸውን አረጋገጠ። የመጀመሪያው ሰብሳቢና ምክትላቸው አገር ጥለው ከወጡ በኋላ አብዛኛው የኮሚሽኑ አባል «የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነው» ብሎ እንደነበር ገለጹ። ለፓርላማ የቀረበው ዘገባ ግን የሟቹን ቁጥር እንዳለ ይዞ «ኃይሉ ከመጠን ያለፈ አልነበረም» አለ።

ያው 193 አስከሬን! ግን ሁለት ተቃራኒ ፍርድ! ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው በድምፅ ብልጫ የሚፈታ ስለተደረገ ነው። ከየት ተተኮሰ? ከምን ያህል ርቀት? በምን ዓይነት መሣሪያ? ስንት ጥይት? ከሌላው ወገን የተተኮሰ ነበር ወይስ አልነበረም? እነዚህ ጥያቄዎች እጅ በማውጣት አይመለሱም። በየጎዳናው ወድቆ የነበረው ቀለሃ ግን በሥርዓት ተለቅሞ፣ የወደቀበት ቦታ በካርታ ላይ ተነጥቦ፣ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹን በመለሳቸው ነበር። ኃይሉ «ተመጣጣኝ» ነው ወይስ አይደለም የሚለው የሕግና የኅሊና ፍርድ ነው፤ ናስ አይፈርደውም። ናስ የሚያደርገው ፈራጁ የሚዋሽበትን ሥፍራ ማጥበብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምን ተማርን? በኅዳር 2013 አክሱም፣ በሰኔ 2014 ቶሌ፣ በጥር 2016 መራዊ። ስሞቹን የደረደርኩት ሐዘን ለማወዳደር አይደለም። የሟቹ ወገን የተለያየ ነው፤ ገዳይ ተብሎ የሚከሰሰውም እንዲሁ። አንድ የሚያደርጋቸው ከእያንዳንዱ በኋላ የተከተለው ነገር ነው። አንዱ መቶዎች አለ፣ ሌላው «በውጊያ የተገደሉ ታጣቂዎች ናቸው» አለ፣ ሦስተኛው «ራሳቸው ገድለው በእኛ ላይ አላከኩት» አለ። የተባበሩት መንግሥታት በታኅሣሥ 2014 ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ወደ ቦታዎቹ ገብቶ እንዲመረምር አልተፈቀደለትም፤ አብዛኛውን ሥራውን ከሩቅ ሆኖ ሠርቶ በ2016 መጀመሪያ የሥራ ዘመኑ ሳይታደስ ቀረ። ምስክርን በስልክ ማነጋገር ይቻላል፤ ቀለሃ ግን በስልክ አይለቀምም።

ቀለሃም ሊዋሽ ይችላል

ተቃዋሚዎቼ የሚያነሱት ጠንካራ መከራከሪያ አንድ ነው። ቀለሃ ሊቀመጥ፣ ሊወሰድ፣ ሊቀያየር ይችላል ይላሉ። እውነት ነው፤ እንዲያውም የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል።

በፋሺስት ወረራ ጊዜ ኢጣልያ «ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝ አገር የተሠራ፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚፈነዳ ዱም ዱም ጥይት ይጠቀማሉ» ብላ ለዓለም ከሰሰች። ክሱ ሰናፍጭ ጋዝ ለማዝነቧ ማመካኛ ከሆኗት አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን ለፓርላማቸው የገለጹት ነገር ግን ሌላ ነው። ራሱን ኮሎኔል ሎፔዝ ብሎ የሚጠራ አጭበርባሪ ለኢትዮጵያ ጥይት የሚገዛ መስሎ ከአንድ የበርሚንግሃም የመሣሪያ ነጋዴ ናሙና ተቀብሎ፣ ናሙናው በኢጣልያኖች እጅ ገብቶ ነበር። በጥይቱ ላይ ያለው ምልክት እውነተኛ ነው፤ ፋብሪካው እንግሊዛዊ ነው። ውሸቱ በምልክቱና በክሱ መካከል ያለው መንገድ ነው።

ከዚህ የምንማረው ቀለሃን መናቅ ነውን? አይደለም። የሎፔዝ ጥይት የሚያስተምረን ቀለሃ «ማን ሠራኝ» ብሎ እንጂ «ማን ላከኝ፣ ማን ተኮሰኝ» ብሎ እንደማይናገር ነው። የቀረውን የሚሞላው መዝገብ ነው። ማን አነሳው? የት? መቼ? በማን ፊት? በማን እጅ ተላለፈ? መዝገብ የሌለው ቀለሃ ወዳጄ እንደላከልኝ ፎቶግራፍ ነው፤ ለፈለገው ሁሉ ይመሰክራል።

ምልክት የሌለው ጥይትስ? እርሱም ቢሆን ፈጽሞ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የወጣ የኮንፍሊክት አርማመንት ሪሰርች ጥናት በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች የተገኘ፣ የፋብሪካ ስም ያልተቀረጸበትን ጥይት ዓመታት በፈጀ ማነጻጸር የኢራን ሥሪት መሆኑን አሳይቷል። ስሙን የደበቀ ፋብሪካ በማሸጊያው፣ በቅርጹና በአሠራሩ ታወቀ። ይህ ሊሆን የቻለው ግን ሌላው ጥይት ሁሉ ተመዝግቦ፣ ያልተመዘገበው ጎልቶ ስለታየ ነው። ማጣቀሻ ማለት ይህ ነው፤ የሚታወቀውን በሙሉ ካልዘረዘርክ የተሰወረውን አታገኘውም።

ዝም የሚሉት ለምንድን ነው?

ነቀፌታዬ በአገር ቤት ብቻ አይቆምም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 ቀላል የጦር መሣሪያን ምልክት ለማድረግና ለመከታተል ዓለም አቀፍ ሰነድ ሲያጸድቅ ጥይትን ከሰነዱ አስወጣ። ጠመንጃው ቁጥር ይኑረው፤ ገዳዩ እርሳስ ግን አይጠየቅ ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2014 በሥራ ላይ የዋለው የጦር መሣሪያ ንግድ ስምምነት ጥይትን ቢያነሳም በውጭ ሽያጭ ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው የጥይት አያያዝ ማዕቀፍ ደግሞ በፈቃደኝነት ላይ የቆመ እንጂ አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ጥይት አምራቾቹ ታላላቅ አገሮች ለምን እንዳመነቱ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ኤል ሞዞቴ ውስጥ የተነበበው የማን ፋብሪካ ምልክት ነበር?

«አይቻልም» ለሚሉን ግን ብራዚል መልስ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሕጓ ለጸጥታ ኃይሎች የሚሸጥ ጥይት በቀለሃው ግርጌ የምርት ምድቡ እንዲቀረጽበት ያዛል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 የሪዮ ዲ ጄኔሮ የምክር ቤት አባል ማሪየል ፍራንኮ ስትገደል ከሥፍራው የተለቀሙት ቀለሃዎች «ዩ ዜድ ዜድ 18» የሚል ምልክት ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ለፌዴራል ፖሊስ ከተሸጠ ምድብ የወጡ ናቸው። እርግጥ ምድቡ እጅግ ግዙፍ ስለነበር ከፖሊስ መጋዘን እስከ ገዳዩ ያለው መንገድ በቀለሃው ብቻ አልተፈታም። ነገር ግን መንግሥት «የእኔ ጥይት አይደለም» ለማለት አልቻለም። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፉ መነጠቋ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ምን ይደረግ?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለን። እ.ኤ.አ. በ2004 የተፈረመው የናይሮቢ ፕሮቶኮል ፈራሚም ነን። በአምቦ አካባቢ የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ አለን። ስለዚህ «አቅም የለንም» የሚለው ሰበብ አያዋጣም። ጥያቄዎቼ አራት ናቸው።

አንደኛ፦ ሰው በተገደለበት ሥፍራ ሁሉ ቀለሃ ማንሳት የመርማሪ ግዴታ ይሁን፤ ያለ መዝገብ የጠረገ እንደ ማስረጃ አጥፊ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፦ በአገር ውስጥ የሚመረትም ሆነ ከውጭ የሚገባ የመንግሥት ጥይት የምርት ምድቡ ተቀርጾበት፣ ምድቡ ለየትኛው ክፍል እንደታደለ ተመዝግቦ ይቀመጥ። ምድቡም ጥቂት ሺህ ይሁን እንጂ የብራዚልን ስሕተት አንድገመው።

ሦስተኛ፦ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚነበብ የጥይት ማጣቀሻ የመረጃ ቋት ይሠራ። ይህን የምለው መምህር ስለሆንኩ ነው፤ በየዓመቱ ለመመረቂያ የሚሆን ርእስ የሚቸግራቸውን የኮምፒውተርና የታሪክ ተማሪዎች አውቃቸዋለሁ። ሰብሳቢዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሠሩትን ተቋም ሊሠራው አይከብደውም። «ለጠላት ምስጢር ይወጣል» ለሚሉኝም መልሴ አጭር ነው። የተተኮሰ ቀለሃ ምስጢር አይደለም፤ ሜዳ ላይ ወድቋል፤ ጠላት ቀድሞ አንብቦታል። ያላነበበው የሟች ወገን ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ይህ ለመንግሥት ሳይሆን ለእኛ ለጸሐፊዎችና ለአንባቢዎች ነው። የቀለሃ ፎቶግራፍ ስናገኝ ግርጌውን ሳናነብ፣ የተነሳበትን ቦታና ቀን ሳንጠይቅ አናሰራጭ። የሎፔዝን ሥራ በነጻ አንሥራለት!

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የጥይት ነገር ሥሩ ቃል በቃል ግርጌው ላይ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ማንሳትን ብቻ ይጠይቃል። ደግሞም «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ። እኔ ግን እሰጋለሁ። የተወጋው ላይረሳ ይችላል፤ ልጁ ግን ማስረጃ የሌለው ቂም ይወርሳል። ማስረጃ የሌለው ቂም ደግሞ ከሳሽ እንጂ ፍርድ አያገኝም፤ ፍርድ ያላገኘ ቂም ወዴት እንደሚሄድ ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል።

ወዳጄ ሆይ፣ ነገር አወሳስቤ ከሆነ ይቅርታ። ያቺን መካከለኛዋን ቀለሃ የያዛት ሰው ማን እንደሆነ የምታውቅ ከሆነ ግን አንድ ነገር ንገርልኝ፤ የት እንዳነሳት ይጻፍ፣ መቼ እንዳነሳት ይጻፍ፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ያስቀምጣት። የሚያነባት ቀን ይመጣ ይሆናል።

ቸር ያሰማን።